ሚኒሞ አልይዝ ያለች ቮልስ፦ ካርቡራቶሩን ከመለወጥሽ በፊት

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ ከአባቷ የወረሰቻትን ቮልስ 1300፣ በፈረንጆቹ የ1972 ሞዴል፣ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር አምጥታታለች። ጠዋት ስትነሳ ጥሩ ናት። ትንሽ ሄዳ ስትሞቅ ግን ሚኒሞ፣ ማለትም ቤንዚን ሳይሰጥ ሞተሩ በዝግታ የሚዞርበትን ዙር፣ አትይዝም። ዓባይ ድልድይ አካባቢ መንገድ ሲዘጋጋ ወይም ባጃጅ ፊቷ ሲቆም ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴም ይጠፋል። ወደ ዘንዘልማ አውጥታ ስትነዳት ደህና ትሄዳለች። እግሯን ከቤንዚን መስጫው ላይ ስታነሳ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) «ጧ፣ ጧ» ይላል። ካርቡራቶሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ታጥቧል፣ ካንዴላ (ቅልቅሉን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው) ተቀይሯል፣ እንዳትጠፋ ተብሎም ሚኒሞው ከፍ ተደርጓል። አንዱ መካኒክ «የአየር ለውጥ ነው» ብሏታል። ሌላው «ካርቡራቶሩ አልቆለታል፣ አዲስ ግዢ» ብሏታል። የቱን ልስማ ነው የምትለው።

እህቴ፣ ለጊዜው ሁለቱንም አትስሚ። የጻፍሽው ምልክት የካርቡራቶር ቆሻሻን አይመስልም። ወይ ሞተሩ ከካርቡራቶሩ በታች ባለ ስንጥቅ አየር እየሳበ ነው፣ ወይ አንድ ቫልቭ (የሲሊንደሩን መግቢያ ወይም መውጫ የሚከፍትና የሚዘጋ) ከልክ በላይ ጠብቋል። ሁለቱም በትንሽ ወጪ ይፈተሻሉ። የቫልቩ ነገር ግን ጊዜ አይሰጥም። ስለዚህ ይህን ሳታጣሪ ጎንደር ድረስ ልሂድ እንዳትዪ።

መጀመሪያ «የአየር ለውጥ» የተባለውን፣ የከፍታውን ነገር እንጨርሰው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር አካባቢ ናት። ዝቅ ባልን ቁጥር አየሩ ይወፍራል። ካርቡራቶር ግን የአየሩን ውፍረት መዝኖ ቤንዚኑን አይጨምርም። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ሲመጣ በቅልቅሉ ውስጥ ያለው ቤንዚን በጥቂቱ ያንሳል። ልዩነቱ ተሰልቶ ከመቶ 3 ገደማ ነው። ጤነኛ የቮልስ ሞተር ይህን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ቀድሞውንም ቤንዚን አንሶት ጫፍ ላይ የነበረ ሞተር ግን በዚህች ታህል ለውጥ ይወድቃል። መካኒኩ ያየው ለውጥ እውነት ነው። በሽታው ግን አዲስ አበባም እያለች የነበረ ነው።

አሁን ወደ ምልክቶቹ እንምጣ። አንቺ ሳታውቂው ግማሹን ምርመራ ጽፈሽልኛል።

ጠዋት ጥሩ የሆነችው ቾኩ (የካርቡራቶሩ የአየር መግቢያ ክዳን) ተዘግቶ ስለሚነሳ ነው። ቾክ ሲዘጋ አየር ያንሳል፣ ቤንዚን ይበዛል። በሌላ ቦታ ሾልኮ የሚገባ አየር ካለ ያ ትርፍ ቤንዚን ይሸፍነዋል። ያንቺ ቾክ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ስለሆነ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይከፈታል። ልክ ሲከፈት ሽፋኑ ይነሳና ሞተሩ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። መንገድ ላይ ደህና የምትሆነው ደግሞ ሞተሩ ብዙ አየር በሚስብበት ሰዓት ያቺ የሾለከች አየር ከጠቅላላው ጋር ስትነጻጸር ኢምንት ስለሆነች ነው። ሚኒሞ ላይ ግን ሞተሩ የሚስበው አየር በጣም ጥቂት ነው። ትንሽ ስንጥቅ ቅልቅሉን ታበላሸዋለች። ቀዳዳ ባለው ስትሮ ለስላሳ ለመጠጣት እንደ መሞከር ነው፤ ስትስቢ የሚመጣው አየር ብቻ ይሆናል። እግርሽን ስታነሺ ማርሚታው የሚተኩሰውም ቤንዚን ያነሰው ቅልቅል ሲሊንደር ውስጥ ሳይቀጣጠል ወጥቶ ጭስ ማውጫው ውስጥ ስለሚነድ ነው። ማርሚታው ራሱ መጋጠሚያው ላይ ቢያፈስም ይህ ድምፅ ይመጣል። ስለዚህ እሱንም በእግረ መንገድ እዪው።

ግን የጠበቀ ቫልቭም የሚመሳሰል ታሪክ አለው። ሲቀዘቅዝ ይዘጋል፤ ሲሞቅ ብረቱ ይለጠጥና በደንብ መዘጋት ያቅተዋል። ሁለቱን የሚለይ ቀላል ፈተና አለ። ከሁሉ በፊት እሱን አድርጊ።

ሞተሩ ሞቆ በሚንቀጠቀጥበት ሰዓት ከዲስትሪብዩተሩ (ኤሌክትሪኩን ለካንዴላዎቹ ከሚያከፋፍለው ዕቃ) ክዳን ላይ የካንዴላ ገመዶቹን አንድ በአንድ ንቀዪ። በባዶ እጅ አይሆንም፤ እጀታው ጎማ የሆነ ፒንሳ ተጠቀሚ፣ ወይም መካኒክሽ ያድርገው። እያንዳንዱን ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ነቅለሽ መልሺው። የሚሠራ ሲሊንደር ገመዱ ሲነቀል ሞተሩ ዝቅ ይላል። ገመዱ ተነቅሎም ሞተሩ ምንም ካልተለወጠ ያ ሲሊንደር ድሮም እየሠራ አልነበረም ማለት ነው። ከመኪናዋ ኋላ ቆመሽ ሞተሩን ስታዪ በቀኝሽ 1 እና 2፣ በግራሽ 3 እና 4 ናቸው። 1 እና 3 ወደ መኪናዋ ፊት፣ 2 እና 4 ወደ አንቺ የቀረቡት ናቸው።

ውጤቱን እንዲህ አንብቢው። በአንድ ወገን ያሉት ሁለቱም ከደከሙ፣ ማለትም 1 እና 2 ወይም 3 እና 4፣ አየሩ የሚሾልከው በዚያ ወገን ባለው የኢንቴክ ማኒፎልድ (ቅልቅሉን ከካርቡራቶሩ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚወስደው ቱቦ) መጋጠሚያ ነው። አንድ ብቻ ከደከመ ቫልቩን፣ ካንዴላውን ወይም ገመዱን ጠርጥሪ። አራቱም እኩል ከደከሙ ጉዳዩ መሃል ላይ ነው፦ የካርቡራቶሩ መቀመጫ፣ ፑንቲና (ዲስትሪብዩተሩ ውስጥ እየተከፈተና እየተዘጋ ብልጭታውን የሚያስነሳው) ወይም የሚኒሞው ማስተካከያ ራሱ።

ስለ ቫልቭ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ ቮልሶች የሚሞቱት በዚህ ነው። የዚህ ሞተር የቫልቭ ክፍተት በቀዝቃዛ 0.15 ሚሊሜትር ነው። ቀዝቃዛ ስል አንድ ሰዓት ያረፈ ሞተር ማለቴ አይደለም። ሌሊቱን ያደረ፣ በእጅ ሲነካ ቅዝቅዝ ያለ ማለቴ ነው። ክፍተቱ ሲሰፋ ሞተሩ «ጠቅ ጠቅ» ይላል፤ ሰው ሁሉ ይሰማዋል፣ መካኒክም ቶሎ ያጠብቀዋል። ሲጠብ ግን ድምፅ የለውም። ጸጥ ያለ ሞተር ጤነኛ ይመስላል። በውስጡ ግን የጭስ ማውጫ ቫልቩ መቀመጫውን በደንብ ስለማይነካ ሙቀቱን የሚያስተላልፍበት ያጣል፣ ይነድዳል፣ አንዳንዴም ተሰብሮ ፒስተኑን ይመታል። በተለይ 3ኛው ሲሊንደር ይጎዳል። በቀድሞዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው ከሱ ፊት ስለተቀመጠ ወደ እሱ የሚደርሰው ንፋስ ትኩስና ያነሰ ነው። ጸጥ እንዲል ተብሎ ቫልቭ የሚያጠብቅ መካኒክ ካጋጠመሽ እባክሽ አስቁሚው። በዚህ ሞተር ላይ ትንሽ የሚሰማ ቫልቭ ከማይሰማ ይሻላል።

ስለዚህ ነገ ጠዋት መኪናዋን ሳታስነሺ የቫልቭ ክዳኖቹ ይከፈቱ፤ ስምንቱም በፊለር ጌጅ (ክፍተት በሚለካበት ስስ ብረት) ይለኩ። ከመስተካከላቸው በፊት የተገኘው ክፍተት ወረቀት ላይ ይጻፍ። ከሌሎቹ ተለይቶ የጠበቀ ካለ ተስተካክሎ ለተወሰነ ኪሎ ሜትር ይነዳና እንደገና ይለካ። ደግሞ ከጠበበ ቫልቩ ወይም መቀመጫው እያለቀ ነው፤ ቴስታታው (ቫልቮቹን የያዘው የሲሊንደሮቹ ራስ) መውረድ አለበት። የክዳኑ ጓርኒሲዮን (የመጋጠሚያው ማሸጊያ) ሁልጊዜ አዲስ ይሁን፤ አሮጌው ዘይት ያንጠባጥባል።

ቫልቩ ደህና ከሆነ ወደ አየሩ እንሂድ። ያንቺ ሞዴል ሞተሩ ካልተለወጠ በቀር ባለሁለት ቀዳዳ ቴስታታ ነው። ማኒፎልዱ ሦስት ቁራጭ ነው፤ መካከለኛው ከግራና ቀኙ ጋር የሚያያዘው በአጫጭር የጎማ እጅጌዎች ነው። ዋናው ተጠርጣሪ እነዚህ ጎማዎች ናቸው። ከላይ ደህና መስለው ከሥር፣ ዓይን በማያይበት በኩል ይሰነጠቃሉ። በእጅሽ ጠምዘዝ አድርገሽ እዪያቸው። ደርቀው ከሆነ ሳትጠራጠሪ ቀይሪ። ቮልስ እስከ 2003 ድረስ ሜክሲኮ ውስጥ ሲመረት ስለቆየ እንዲህ ያለ ዕቃ አሁንም እየተሠራ ይሸጣል።

ስንጥቁን ለማግኘት ብዙ ሰው ቤንዚን ይረጫል። በፍጹም አታድርጊው። የቮልስ የሞተር አካል ማግኒዚየም ያለበት ብረት ነው፤ አንዴ ከተቀጣጠለ በውኃ አይጠፋም፣ እንዲያውም ይብሳል። በመርጫ ጠርሙስ ንጹሕ ውኃ ያዢና ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እያለ ጎማዎቹ ላይ፣ የማኒፎልዱ እግር ቴስታታው ላይ በሚያርፍበት ቦታና ከካርቡራቶሩ ሥር ባለው ጓርኒሲዮን ዙሪያ ትንሽ ትንሽ እርጪ። ውኃው ስንጥቁን ለአፍታ ሲደፍነው የሞተሩ ድምፅ ይለወጣል። ለውጡን የሰማሽበት ቦታ ላይ ነው ቀዳዳው። ዲስትሪብዩተሩን ግን እንዳይነካው ተጠንቀቂ። ካርቡራቶሩን የያዙትን ሁለት ዳዶዎች ደግሞ ከልክ በላይ አታስጠብቂ፤ መቀመጫው ይጣመምና አየር የሚያስገባው ራሱ ይሆናል። ከካርቡራቶሩ ወደ ዲስትሪብዩተሩ የምትሄደውን ቀጭን ቱቦም አትርሺ። ከካርቡራቶሩ በኩል ነቅለሽ በአፍሽ ሳቢና ጫፏን በምላስሽ ድፈኚ። ስቦሹ ካልያዘ ወይ ቱቦዋ ወይ ዲስትሪብዩተሩ ላይ ያለው ስስ ሽፋን (ዲያፍራም) ተቀዷል።

ከፑንቲና ብዙ አልቆይም። ክፍተቱ 0.4 ሚሊሜትር ነው። ፊቱ ተቃጥሎ ጎርበጥ ካለ ይቀየር፤ ኮንደንሰሩም አብሮ። የዲስትሪብዩተሩን ዘንግ ወደ ጎን ገፋ ገፋ አድርጊው። የሚወዛወዝ ከሆነ ክፍተቱ በየዙሩ ስለሚለያይ ሚኒሞ መቼም አይረጋጋም። ተኩሱን (ካንዴላው ብልጭታ የሚሰጥበትን ጊዜ) ለማስተካከል ዲስትሪብዩተሩ ላይ ያለው ቁጥር ይነበብ። ለብዙዎቹ 7.5 ዲግሪ ቀድሞ ነው፣ ለሁሉም ግን አይደለም። ቀጭን ቱቦ የማይገባበት ቦሽ 009 የተባለው ዲስትሪብዩተር ከተገጠመላት ቤንዚን ስትሰጪ መጀመሪያ ላይ የምትደናቀፍበት ምክንያት እሱ ሊሆን ይችላል። ለሚኒሞው ግን ተጠያቂ አይደለም። ክረምት ላይ፣ ጣና ዳር ባደረ እርጥበት፣ ጠዋት አልነሳም ካለች የዲስትሪብዩተሩን ክዳን ከውስጥ አድርቂው። ያ ግን ካሁኑ ጥያቄሽ የተለየ ነው።

አሁን እንዳትጠፋ ተብሎ ከፍ ወደተደረገው ሚኒሞ። ይህ ጉዳት አድርሷል፣ መመለስም አለበት። ካርቡራቶሩ ውስጥ ቤንዚን መስጫው የሚከፍታት ክብ ክዳን አለች። ሚኒሞ ላይ ልትዘጋ ምንም አይቀራትም፤ ሞተሩ የሚኖረው ለሚኒሞ በተሠራ የራሱ ቀጭን መስመር ነው። ክዳኗ በብሎን ተገፍታ ስትከፈት ሞተሩ ከዚያ መስመር ወጥቶ ለመንገድ በተሠሩት ቀዳዳዎች መተንፈስ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ የቅልቅሉን ብሎን ብታዞሪው ባታዞሪው ለውጥ የለም። በብዙዎቹ ካርቡራቶሮች የዲስትሪብዩተሩ ቱቦ ቀዳዳም አብሮ ስለሚከፈት ተኩሱ ያለጊዜው ይቀድማል። «ካርቡራቶሩ አልቆለታል» የተባልሽው መካኒኩ ብሎኑን አዙሮ ምላሽ ስላጣ ይመስለኛል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ካርቡራቶሩ ጎን ላይ አንድ ሽቦ የገባባት ክብ ሶሌኖይድ (የሚኒሞውን መስመር በኤሌክትሪክ የምትከፍትና የምትዘጋ) አለች። ቁልፉ በርቶ ሞተሩ ሳይነሳ ሽቦዋን ነቅለሽ ስትመልሺ «ጠቅ» ማለት አለባት። ካላለች ሽቦው ኤሌክትሪክ እንዳለው አስፈትሺ፤ ካለው ሶሌኖይዷ ሞታለች፤ ዋናው በሽታሽም ይህ ብቻ ሊሆን ይችላል። ጠቅ ካለች ሞተሩን አስነስተሽ ሚኒሞ ላይ እያለ ሽቦዋን ንቀዪ። ሞተሩ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ በሚኒሞ መስመር እየሠራ አይደለም ማለት ነው።

ካርቡራቶሩ ታጥቧል ብለሻል። የሚኒሞ ጄቷ (የሚኒሞው ቤንዚን የሚያልፍባት ባለቀዳዳ የናስ ብሎን) ተፈታ ለብቻዋ መጽዳቷን ጠይቂ። ብዙ ጊዜ ከውጭ በቤንዚን ታጥቦ ይመለሳል። ቀዳዳዋ ከግማሽ ሚሊሜትር ብዙም የማትበልጥ ናት፤ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ትበቃታለች። የምትጸዳው በኮምፕሬሰር ንፋስ ነው። በሽቦ መጎርጎር አይፈቀድም፤ ናሱ ይሰፋና መጠኑ ለዘለዓለም ይጠፋል። ወደ ጢስ ዓባይ በአቧራው መንገድ የምትሄጂ ከሆነ ደግሞ የአየር ማጣሪያውን እዪው። ከታች ዘይት የሚቀመጥበት ዓይነት ከሆነ ዘይቱ እስከ ምልክቱ ብቻ ይሙላ፤ ጭቃ ሲሆን ይቀየር።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው ካቻቢቴ ወደ ካርቡራቶሩ የሚቀርበው። አካሉ ላይ 31 ወይም 34 ፒክት የሚል ቁጥር ካገኘሽ ጎኑ ላይ ሁለት ብሎኖች አሉ፤ ትልቋ የፍጥነት፣ ትንሿ የቅልቅል። ሞተሩ በደንብ ሞቆ፣ ቾኩ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ይሁን። ክዳኗን የምትገፋዋን ብሎን ፈትተሽ ልቀቂያት፤ ከዚያ ልክ እስክትነካ መልሰሽ ሩብ ዙር ብቻ ጨምሪ። ከዚህ በኋላ አትነካም። ትንሿን ብሎን በቀስታ እስከ መጨረሻው ዝጊ፣ ሳትጨቁኛት፤ ከዚያ 2 ዙር ተኩል ክፈቻት። አስነሺና በትልቋ ብሎን ሚኒሞውን በደቂቃ 850 ዙር አካባቢ አድርሺ። አሁን ትንሿን ቀስ እያልሽ ወዲያና ወዲህ አዙሪ። ሞተሩ በጣም የፈጠነበትን ቦታ ስታገኚ ትንሽ ብቻ፣ የሞተሩ ፍጥነት በደቂቃ 20 ወይም 30 ዙር እስኪቀንስ፣ ወደ ውስጥ መልሻት። በመጨረሻ ትልቋን ወደ 850 መልሺ። 2 ዙር ተኩል የሚለው መነሻ ነው። እኛ ጋ አየሩ ከባሕር ወለል ከመቶ 16 ያህል ስለሚሳሳ ብሎኗ ከዚያ ትንሽ ገባ ብላ ብትጨርስ አይግረምሽ። ካርቡራቶርሽ የድሮው ባለ አንድ ብሎን ዓይነት ከሆነ አሠራሩ ይለያል፤ ቁጥሩን ላኪልኝ።

መካኒክሽ ሞተሩ አየር የሚስብበትን ኃይል (ስቦሹን) በጌጅ የሚለካ ከሆነ አንድ ነገር ንገሪው። በመጻሕፍቱ ያለው የስቦሽ ቁጥር ለባሕር ወለል ነው። በየ300 ሜትሩ ከጌጁ ንባብ 1 ኢንች ገደማ ይቀነሳል፤ ባሕር ዳር ላይ 6 ኢንች ያህል ማለት ነው። የኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት) ንባብም እንደዚሁ ከአምስት አንድ እጅ ያህል ያንሳል። ይህን ባለማወቅ «ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ጨርሷል» ተብሎ በከንቱ የተፈታ ሞተር ብዙ ነው። መታየት ያለበት አራቱ ሲሊንደሮች ተቀራራቢ መሆናቸው ነው።

ሁሉም ተደርጎ አሁንም ካልተረጋጋች የካርቡራቶሩን የክዳን ዘንግ ያዢና ወደ ላይና ወደ ታች አወዛውዢው። ሞተሩ እየሠራ ሲወዛወዝ ድምፁ ከተለወጠ አየር በዘንጉ ዳር እየገባ ነው። ያኔ ካርቡራቶሩ እውነትም አልቋል ልንል እንችላለን። ያም ቢሆን መጣል የለበትም፤ ጎበዝ ቶርኖ ቤት ቀዳዳውን አስፍቶ የናስ ቡሽ ያስገባለታል። የአባትሽ መኪና ዋናው ካርቡራቶር ብዙ ጊዜ ከአዲሱ ርካሽ ቅጂ በተሻለ ይሠራል።

አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ አድርጊ። የቤንዚን ቱቦዎቹን በሙሉ፣ ከታንከሩ እስከ ካርቡራቶሩ፣ በጣትሽ ጨምቀሽ እዪ። የደረቀ ወይም የተሰነጠቀ ካለ ሳይውል ሳያድር ይቀየር፤ በማጥበቂያም ይታሰር። ቱቦው ካርቡራቶሩ ላይ የሚገባባት የናስ ጫፍም በእጅ ስትሳብ የምትንቀሳቀስ ከሆነ መኪናዋን አታስነሺ። የቤንዚን ማጣሪያው ሞተሩ ላይ ተንጠልጥሎ ከሆነ ከሙቀቱ ርቆ ወደ ታንከሩ ይውረድ። ቮልሶች በእሳት የሚያልቁት በአብዛኛው እዚህ ቦታ ላይ ነው።

ከዚያ የገመድ ፈተናውን ውጤት፣ የስምንቱን ቫልቮች ክፍተትና የካርቡራቶሩን ቁጥር ጻፊልኝ። ሦስቱን ካየሁ ቀጥሎ የትኛው ዕቃ እንደሚገዛ፣ የሚገዛ ነገር ካለ፣ እነግርሻለሁ።